ማኮብኮቢያው ካልታየ፦ በጉም ውስጥ ማረፉን ትቶ የመነሳት አሠራር

የክረምት ማለዳ፣ ቦሌ። ሌሊቱን ከዋሽንግተን፣ ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲበሩ ያደሩ አውሮፕላኖች ተከታትለው የሚገቡበት ሰዓት ነው፤ ጉሙ ግን ገና ከሜዳው ላይ አልተነሳም። መንገደኛው ቀበቶውን አስሯል፣ ጫማውን ከወንበሩ ሥር ፈልጎ አጥልቋል። በመስኮት የሚታየው የክንፉ መብራትና አንድ ወጥ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ወዲያው ሞተሩ ያጓራል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ወንበሩ ጀርባውን ይገፋዋል። አጠገቡ የተቀመጡት እናት «በስመአብ» ብለው ያማትባሉ።

ኮክፒት ውስጥ የሆነው ነገር አጭር ነው። አንደኛው «ሚኒመም» አለ፣ መብራቱ ካልታየ መነሳት ያለብን ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ደረስን ማለት ነው፤ ሌላው ቀና ብሎ ውጭውን አየ፤ የሚፈልገውን አላገኘም፤ «ጎ አራውንድ» አለ፣ ማረፉን ትተን እንነሳ ማለቱ ነው። ያጠረው ውሳኔው እዚያ ስላልተወሰነ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ከደመና በላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ቡና በእጃቸው ይዘው ሳሉ ወስነው ጨርሰዋል።

የምጽፈው አይኤልኤስ (ከመሬት በሚላክ የሬዲዮ ጨረር ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራውን ሥርዓት) መማር ለጀመራችሁ ተማሪ አብራሪዎችና ቤታችሁ በኮምፒውተር ሲሙሌተር ለምታበሩ ነው። መንገደኛም ቢያነበው አይጎዳም። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በአብዛኛው ዓለም አቀፍ መነሻ ናቸው፤ የኩባንያችሁ ማኑዋል ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

1. ከነዳጁ ጀምሩ

ጉም በተተነበየበት ቀን ነዳጅ ማለት ጊዜ ነው። የጄት አውሮፕላን ሕግ እስከ መድረሻው፣ ከዚያ እስከ ተለዋጭ ሜዳው፣ በላዩም በ1,500 ጫማ ከፍታ 30 ደቂቃ የሚያዞር ነዳጅ ይጠይቃል። ያቺን የመጨረሻ 30 ደቂቃ እንደሌለች ቁጠሯት። የተረፈውን በሙከራ ብዛት አስሉትና ወረቀት ላይ ጻፉት፦ «ሁለት ሙከራ፣ ከዚያ ድሬዳዋ»። በቃል የተያዘ ዕቅድ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይለጠጣል፤ የተጻፈው አይለጠጥም።

ተለዋጭ ሜዳ ስትመርጡ የዚያን ቀን አየር እዩ። ከመድረሻችሁ ጋር አንድ ደመና የሚጋራ ሜዳ ስሙ ብቻ ነው ተለዋጭ።

ሌላው የሚረሳው የመውጣት አቅም ነው። ከማረፍ ተመልሶ የሚነሳ አውሮፕላን በመደበኛው ስሌት ወደፊት ለሚሄደው ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቢያንስ 25 ሜትር መውጣት አለበት፤ ተራራ ባለበት የአፕሮች ቻርቱ (ለማረፍ የሚቀረብበት መንገድ ካርታ) ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሞተሩም ክንፉም ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሰጡትን ያህል አይሰጡም። በስተሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ሞተር ቢጠፋ በዚህ ክብደት ቻርቱ የሚጠይቀውን ያህል እንወጣለን ወይ? ይህን መልሱት ከመነሳታችሁ በፊት።

2. ሳትወርዱ ተነጋገሩ

ብሪፊንጉን መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት ጨርሱት። ብዙ ሰው አፕሮቹን በዝርዝር ያወራና መጨረሻ ላይ «ካልሆነም እንደ ቻርቱ ጎ አራውንድ» ብሎ ያልፋል። እኔ ተማሪዎቼን ገልብጠው እንዲያወሩት ነው የማደርጋቸው። ዕቅዱ መመለስ ነው፤ ማረፍ የሚፈቀደው የተወሰነ ነገር ከታየ ብቻ ነው። እንዲህ ሲባል ልሰማ እፈልጋለሁ፦

«ሚኒመማችን ይህ ነው። እዚያ ስንደርስ የምጠብቀው የአፕሮች መብራቶቹን ነው። ካላየሁ ቶጋ እጫናለሁ፣ ፍላፕ 15 እላለሁ፣ አንተ ፍላፑን ታነሳለህ፣ መውጣታችንን አይተህ ትነግረኛለህ፣ ጎማ እላለሁ። ቀጥ ብለን እስከዚህ ከፍታ፣ ከዚያ ወደ ግራ። አንተ ካልተመቸህ ጎ አራውንድ በል፣ አልጠይቅህም።»

ቶጋ የመነሻ ኃይል የሚያዝ ቁልፍ ነው፤ ፍላፕ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል ነው። ፍላፕ 15 የቦይንግ 737 ነው፤ የእናንተን አውሮፕላን ተኩበት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አትዝለሏት።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ታላቅን ማረም ዙሪያ ጥምጥም ይጠይቃል። «ካፒቴን፣ እርስዎ እንዳሉ ነው፣ ግን ምናልባት ብንመለስ አይሻልም ይሆን?» ይህን ለመናገር አራት ሰከንድ ይፈጃል። «ጎ አራውንድ» ግን አንተም እርስዎም የለውም። ታናሽ ለታላቅ ሲለው ድፍረት አይሆንም፣ ታላቅ ለታናሽ ሲለውም ቁጣ አይደለም። ስለዚህ አትተርጉሙት፣ አታለዝቡት፣ «እባክዎ» አትጨምሩበት። ከሁለቱ አንዱ ካለው ተብሏል፤ ክርክሩ መሬት ላይ ይደረጋል።

3. የአየር ግፊቱን ከሁለት ቦታ አጣሩ

እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2022 አንድ ኤርባስ 320 ከስቶክሆልም ተነስቶ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ለማረፍ እየወረደ ነበር። ዝናብ አለ፣ ደመናው ዝቅ ብሏል። ከመሬት የተነገራቸው የአየር ግፊት 1011 ሄክቶፓስካል ነው፤ ትክክለኛው 1001 ነበር። የአንዲት አሃዝ ስህተት። አውሮፕላን ከፍታውን የሚያውቀው ከአየር ግፊት ነው፤ አንድ ሄክቶፓስካል 28 ጫማ ያህል ስለሆነ የከፍታ መለኪያቸው 280 ጫማ አብዝቶ ይነግራቸዋል። አፕሮቹ ደግሞ በሳተላይት የሚመራና ቁልቁለቱን ከዚያው ከግፊት መለኪያ የሚያሰላ ዓይነት ነው። ኮክፒት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ተስማምቷል፤ መርፌው መሃል ላይ ነው። የመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያውም ድምፁን አላሰማም።

ሚኒመም ላይ ደረስን ባሉበት ቅጽበት ውጭውን አዩ፤ ምንም የለም። ጎ አራውንድ አደረጉ። በኋላ መረጃው ሲመረመር አውሮፕላኑ ከመሬት የነበረው ዝቅተኛ ርቀት 6 ጫማ ሆኖ ተገኘ፤ ማኮብኮቢያው ገና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረው ነበር።

«ትንሽ ልይ» ብለው አንድ ሰከንድ ቢጨምሩ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ማሽኑ ሁሉ ሲሳሳት ያልተሳሳተው ካላየሁ እነሳለሁ የሚለው ደንብ ብቻ ነው።

አሠራሩ፦ ግፊቱን ከአየር ሁኔታ ስርጭቱም ከተቆጣጣሪውም ውሰዱና አወዳድሩ። ሁለቱ ከተለያዩ ጠይቁ፣ ሳታፍሩ። በአይኤልኤስ ስትወርዱ ቻርቱ ላይ የተጻፈች የማጣሪያ ነጥብ አለች፤ እዚያች ርቀት ላይ ግላይድ ስሎፑን (የአይኤልኤሱን የቁልቁለት መስመር) ይዛችሁ ከፍታችሁ ቻርቱ ከሚለው ጋር ይገጥማል? ግላይድ ስሎፑ ከመሬት የሚላክ ጨረር ስለሆነ የአየር ግፊት አይነካውም፤ ካልገጠመ የተሳሳተው መለኪያችሁ ሊሆን ይችላል።

ራዲዮ አልቲሜትሩን ግን በግፊት መለኪያው ምትክ አትያዙት። የሚለካው ከሥራችሁ ያለውን መሬት ነው፣ የማኮብኮቢያውን ከፍታ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2010 ስሞሌንስክ ላይ የፖላንዱ ፕሬዚዳንት ሌክ ካቺንስኪ የተሳፈሩበት ቱፖሌቭ 154 በከባድ ጉም ሲወርድ ከፍታው እየተነበበ የነበረው ከራዲዮ አልቲሜትሩ ነው። በአውሮፕላኑ ሥር ሸለቆ ነበር፤ ማኮብኮቢያው ከሸለቆው ከፍ ይላል። 96 ሰው አለቀ።

4. አንድ ሺህ ጫማ ላይ በር አለ

ከሜዳው 1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል።

የመጀመሪያው የውጭው ነው። በማኮብኮቢያው ዳር የተተከሉ መሣሪያዎች አብራሪው መብራቶቹን ከስንት ሜትር ሊያይ እንደሚችል ይለካሉ፤ አርቪአር የምንለው ነው። ለተለመደው ካታጎሪ 1 አይኤልኤስ መነሻው 200 ጫማ ሚኒመምና 550 ሜትር አርቪአር ነው። ካታጎሪ 2 እስከ 100 ጫማና 300 ሜትር ይወርዳል፤ ካታጎሪ 3 ከዚያም ያንሳል፣ ግን አውሮፕላኑም ሜዳውም አብራሪዎቹም ለዚያ ብቁ መሆን አለባቸው። ከ1,000 ጫማ በላይ ሳላችሁ የተነገራችሁ አርቪአር ከሚኒመማችሁ ካነሰ አትቀጥሉም። «እስክንደርስ ይገለጣል» የሚል ምዕራፍ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከ1,000 ካለፋችሁ በኋላ ቢወርድ ግን እስከ ሚኒመሙ ሄዳችሁ በዓይናችሁ መፍረድ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው የራሳችሁ ነው፤ አውሮፕላኑ ተረጋግቷል? ጎማ ወርዷል፣ ፍላፑ የማረፊያው ነው፣ ፍጥነቱ ከማረፊያ ፍጥነታችሁ በታች ያልሆነ፣ ከእሱም በ20 ኖት (ኖት የበረራ ፍጥነት መለኪያ ነው) ያልበለጠ፣ ቁልቁለቱ በደቂቃ ከ1,000 ጫማ ያልበለጠ፣ ሞተሩ ጭራሽ ያልተዘጋ (ኃይሉ እስከ ዝቅታው ያልተቀነሰ)፣ ቼክሊስቱ ያለቀ። አንዱ ከጎደለ ተነሱ። በዓለም ደረጃ የተጠናው ነገር አሳፋሪ ነው፤ ካልተረጋጉ አፕሮቾች ውስጥ በጎ አራውንድ የሚያልቁት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀረው ሁሉ «ደርሰናል እኮ» እያለ ይወርዳል።

ለቦሌ አንድ ስሌት ጨምሩ። መለኪያችሁ 140 ኖት ሲል በዚያ ከፍታ፣ ሞቅ ባለ ቀን፣ እውነተኛ ፍጥነታችሁ 160 ገደማ ነው። በሦስት ዲግሪ ቁልቁለት ባሕር ጠረፍ ላይ በደቂቃ 740 ጫማ የምትወርዱት ሰዎች እዚህ 850 ትወርዳላችሁ። የጀርባ ነፋስ ከመጣ ወደ 1,000ዋ ይበልጥ ተጠጋችሁ ማለት ነው። ጂቡቲ ላይ የለመደ እጅ ቦሌ ላይ ሁሉም ነገር ቶሎ የመጣበት ይመስለዋል፤ እውነትም ቶሎ ነው የሚመጣው።

5. ዓይኖቹን ተካፈሉ

ሁለቱም ወደ ውጭ ካዩ መለኪያውን የሚያይ የለም። ሁለቱም ወደ ውስጥ ካዩ መብራቱን የሚያይ የለም። ብዙ ኩባንያዎች በአነስተኛ እይታ ጊዜ አውቶፓይለቱ እንዳለ ሆኖ አንዱ እስከ መጨረሻው መለኪያው ላይ እንዲቀር፣ ሌላው ከሚኒመሙ 100 ጫማ ቀደም ብሎ ዓይኑን ወደ ውጭ እንዲያወጣ ያደርጋሉ። መለኪያው ላይ ያለው ሰው መብራት ሲጠራ ሰምቶ ቀና ማለት ያምረዋል። አይበል።

የማረፊያ መብራታችሁ ጉሙን አብርቶ መልሶ ዓይናችሁ ውስጥ የሚረጨው ከሆነ አጥፉት። የኮክፒቱንም ብርሃን ዝቅ አድርጉት። መጥረጊያውን ቀድማችሁ አስነሱት፤ 200 ጫማ ላይ ማብሪያውን የሚፈልግ እጅ ሌላ ሥራ አለበት።

6. ሚኒመም፦ አየሁ ማለት ምን ማለት ነው?

200 ጫማ ላይ ስትደርሱ የማኮብኮቢያው መጀመሪያ ገና 850 ሜትር ያህል ከፊታችሁ ነው። አርቪአሩ 550 ከሆነ አስፋልቱ አይታያችሁም፤ ሊታያችሁም አይችልም። የሚታየው ከአስፋልቱ በፊት የተዘረጋው የአፕሮች መብራት ነው። ሙሉው ዓይነት 900 ሜትር ርዝመት አለው፣ ስለዚህ ልክ ከመጀመሪያው መብራት በላይ ናችሁ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ደግሞ ከሥራችሁ ያለውን ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይሸፍንባችኋል። የቀረላችሁ ሦስት መቶ ሜትር ያህል መብራት ነው፤ በየ30 ሜትሩ የተተከሉ ዐሥር ያህል ረድፎች። በዚያች ቁራጭ ላይ ነው መቀጠልና አለመቀጠሉ የሚፈረደው።

ስለዚህ «አየሁ» የምትሉት ያቺ ቁራጭ መብራት ሦስት ጥያቄ ስትመልስላችሁ ነው፦ ማኮብኮቢያው ወዴት ነው? ከመስመሩ ግራ ነኝ ቀኝ? ክንፌ ዘንበል ብሏል? ለካታጎሪ 2 ደንቡ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል፤ ተከታታይ ሦስት መብራት፣ ከእነሱም ጋር አግድም የተዘረጋ ነገር መታየት አለበት፣ ያለ አግድሙ መዘንበላችሁን አታውቁትምና። በጉሙ ውስጥ የተበተነ የብርሃን ጭጋግ መብራት አይባልም። አንዲት ብልጭታም አትበቃም። ከጎን የታየ የመንገድ መብራትማ ጭራሽ።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ እጁ ቆንጆ። ሲሙሌተር ላይ አርቪአሩን ሆን ብዬ ከሚኒመሙ አሳነስኩበት። «ሚኒመም» የሚለው ድምፅ መጣ። ልጁ ቀና አለ። ከፊት ለፊቱ ነጣ ያለ ነገር አለ፣ መብራት ይሁን ጉም አይለይም። «እ…» አለ። ሲሙሌተሩን አቆምኩትና ራዲዮ አልቲሜትሩን እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። 150። «እ…» የምትለዋ ድምፅ ብቻዋን 50 ጫማ በላች። በቦሌ ቁልቁለት በሰከንድ 14 ጫማ ነው የምትወርዱት፤ ከ200 ጫማ እስከ አስፋልቱ 14 ሰከንድ ብቻ አላችሁ።

መልሱ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «እቀጥላለሁ» ወይም «ጎ አራውንድ»። ዝምታ ከመጣ መለኪያውን የሚጠብቀው ሰው ራሱ «ጎ አራውንድ» ይላል፣ አንዳንድ ኩባንያ ላይ መቆጣጠሪያውንም ይረከባል።

የሚያደናግር ልዩነት አለ፤ ላልፈው አልችልም። በአይኤልኤስ ያለው የውሳኔ ከፍታ ላይ ውሳኔው ይጀመራል፤ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ትንሽ ዝቅ ቢል ታስቦበታል። ቁልቁለት በማይሰጡት የድሮ ዓይነት አፕሮቾች ያለው ዝቅተኛ ከፍታ ግን ወለል ነው፣ ምንም ሳታዩ በአንድ ጫማም አይታለፍም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2001 ዙሪክ አቅራቢያ የስዊዘርላንዱ አየር መንገድ የክሮስኤር አውሮፕላን ካፒቴን ማኮብኮቢያውን ሳያይ ያንን ወለል ጥሶ ወረደ፤ ረዳቱ አልከለከለውም። ጎ አራውንድ የሚለው ቃል የወጣው ዛፎቹ ሊደርሱ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ነው። ከ33ቱ 24ቱ ሞቱ።

7. አይታችሁ ብታጡትስ?

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። መሬት ላይ የተኛ ስስ ጉም ከላይ ቁልቁል ሲታይ ገላጣ ነው፤ ማኮብኮቢያው ወለል ብሎ ይታያል። ዝቅ ስትሉ እይታችሁ አግድም ይሆንና በጉሙ ርዝመት ታያላችሁ፤ 50 ጫማ ላይ ነጭ ግድግዳ ይመጣል። መልሱ ያው ነው። መብራቱ ከጠፋ ተነሱ፣ ጎማው አስፋልት ቢነካ እንኳን። የማይመለሰው የሞተሩ ሪቨርስ (ግፊቱን ወደፊት አዙሮ የሚያቆመው) ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ያኔ አርፋችኋል፣ ቁሙ።

ሌላው ፈተና ከደመና ስትወጡ አፍንጫውን ደፋ የማድረግ ስሜት ነው። የምታዩት ቁራጭ መብራት ብቻ ስለሆነ ከፍ ያላችሁ ይመስላችኋል። ቁልቁለቱን እንዳለ ተዉት።

8. እጁ

ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው ጄት ላይ አንድ ነው፦ ኃይል፣ አፍንጫ፣ ፍላፕ፣ መውጣታችሁን ማረጋገጥ፣ ጎማ። ከዚያ አቅጣጫ። ሬዲዮ መጨረሻ ላይ። ተቆጣጣሪው መልስ ሳያገኝ ዐሥር ሰከንድ ቢቆይ አይሞትም።

ኃይል፦ ቶጋ ተጫኑ፣ ከዚያ መጨመሩን በእጃችሁና በሞተር መለኪያው አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2016 ዱባይ ላይ አንድ ቦይንግ 777 ጎማው መሬት ነክቶ ሳለ አብራሪዎቹ ቶጋ ተጫኑ፤ ያ አውሮፕላን መሬት ከነካ በኋላ ቁልፉ አይሠራም። ሞተሩ ዝቅ እንዳለ ቀረ፣ ጎማውን ሰበሰቡት፣ አውሮፕላኑ ተመልሶ ሆዱ ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 300 ሰዎች ሁሉ ወጡ፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ሞተ። ሞተር ከዝቅታ ተነስቶ ሙሉ ኃይል እስኪሰጥ ስምንት ሰከንድ ያህል ሊወስድበትም ይችላል። በ4ኛው ደረጃ ሞተሩ ጭራሽ አይዘጋ ያልኩት ለዚህ ነው።

አፍንጫ፦ ለአብዛኞቹ የመስመር ጄቶች 15 ዲግሪ ገደማ። ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ እዚህ ነው። ክብደቱ የቀለለ አውሮፕላን በሙሉ ኃይል ሲፈነጠር በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል መፍጠኑን ከመቃናት አይለይም። ውጭው ነጭ ወይም ጨለማ ነው፤ ሰውነታችሁ «አፍንጫው በጣም ቀና ብሏል፣ ወደ ኋላ ልንገለበጥ ነው» ይላችኋል። እጃችሁ ሳታዙት ወደፊት ይገፋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2010 ከጆሃንስበርግ የመጣው የሊቢያው አየር መንገድ የአፍሪቂያ ኤርባስ 330 ትሪፖሊ ላይ የመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያው ሲጮህበት ጎ አራውንድ ጀመረ፤ ከዚያ አፍንጫው ተደፍቶ መሬት ገባ። 103 ሰው ሞተ፣ አንድ ሕፃን ልጅ ብቻ ተረፈ። ውሳኔው ልክ ነበር፤ የገደላቸው ከውሳኔው በኋላ የመጣው ግማሽ ደቂቃ ነው።

መድኃኒቱ ሰው ሠራሹን አድማስ (የአፍንጫውንና የክንፉን ዝንባሌ የሚያሳየውን መለኪያ) ማየት ብቻ ነው። ረዳቱ ጎማና ፍላፕ ላይ ተጠምዶ አፍንጫውን እንዳይረሳ፤ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ «ፒች» ብሎ ይጩህ። አውቶፓይለቱ ከቻለ እሱ ይሥራው፣ በእጅ ማብረር ጉብዝና የሚሆነው ሌላ ቀን ነው። የተፈቀደላችሁ ከፍታም ቶሎ ይደርሳል፤ ኃይሉን ለመቀነስ ተዘጋጁ።

ለታወር የምትነግሩት የበረራ ቁጥራችሁንና «ጎ አራውንድ»ን ነው። ምክንያቱን በኋላ ይጠይቋችኋል።

9. ሁለተኛ ሙከራ?

ወደ ላይ ወጥታችሁ፣ ፍላፕ ተነስቶ፣ ቼክሊስት ካለቀ በኋላ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ምን ተለወጠ? አርቪአሩ ከፍ ካለ፣ ወይም የተነሳችሁት ስላልተረጋጋችሁ ከሆነ ሞክሩ። ምንም ካልተለወጠ ያንኑ ጉም በአነሰ ነዳጅና በደከመ ዓይን ልታዩት ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020፣ በገና ሰሞን፣ ከጂቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚበር የኢትዮጵያ ቦይንግ 737 ሊያርፍ ሲል የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ። መስታወቱ ተሸፈነ፣ መጥረጊያው አላነሳውም። ተነሱ። የዚህ እይታ ችግር ሜዳው ላይ አልነበረም፣ ራሳቸው ይዘውት ነበር የሚዞሩት፤ መጠበቅ አይገልጠውም። ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሰላም አረፉ። ስሞሌንስክም ያን ቀን ማለዳ አንዲት የሩሲያ ኢሊዩሺን 76 ሁለቴ ሞክራ ወደ ሞስኮ ሄዳ ነበር። ስሟን የሚያነሳ የለም፣ የሚነሳም ታሪክ የላትም።

ከሁለት ሙከራ በኋላ፣ ወይም ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁት ነዳጅ ሲደርስ፣ ሂዱ። ከኋላችሁ ያረፈ ሌላ አውሮፕላን ብትሰሙም ሂዱ፤ ጉም በደቂቃ ይከፈታል በደቂቃ ይዘጋል፣ እሱ ያገኘውን ቀዳዳ እናንተ አታገኙትም ይሆናል።

10. መንገደኛውን አናግሩት

ይህ ከመዝገቡ የመጨረሻው ነው፣ ግን ዝምታው ካቢን ውስጥ ረጅም ነው። ሥራው ሲረጋጋ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፦

«ክቡራን መንገደኞች፣ ዋና አብራሪያችሁ ነኝ። በጉሙ ምክንያት ማኮብኮቢያው በሚገባ ስላልታየን ማረፉን ትተን ተነስተናል። አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም፣ በቂ ነዳጅም አለን። ጉሙ እስኪቀል እዚሁ እየዞርን እንጠብቃለን፤ ካልቀለለ ድሬዳዋ እናርፋለን።»

«ትንሽ ችግር ገጥሞን» አትበሉ፤ ሰው ትንሿን ትቶ ችግሩን ይሰማል። ሰዓትም አትቁረጡ። ከዚያ የካቢን ኃላፊዋን ጥሯት፤ ድሬዳዋ ስንት ሰዓት ልንቆም እንደምንችልና ስንት ሰው ቦሌ ላይ ተያያዥ በረራ እንዳለው የምታውቀው እሷ ናት።